የሰርቨሩን ቀን ወደ እኛ ዘመን የመለስኩ ጊዜ

ከታሪኩ በፊት ሰዎቹን ላስቀድም።

ጋሽ እንየው ዳንግላ ውስጥ በመብራት ሠራተኝነትና በጄኔሬተር ጥገና ያረጁ፣ ኮምፒዩተርን በሃምሳ ዓመታቸው ብቻቸውን የተማሩ፣ ሥራውን ያስያዙኝ ሰው ናቸው። አቶ ምንይችል እንጅባራ ሳለሁ አለቃዬ ነበሩ፤ በዕድሜ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳሉ፤ ችኩል እንጂ ክፉ አይደሉም። ውባለም የዚያው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ናት። ትሁኔ ባሏ የሞተባት፣ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ የምትኖር ገበሬ ናት። አለኸኝ የሟች ባሏ ወንድም ነው። በላይነሽ ልጄ ናት፤ ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የቀረሁት እኔ ዘለቀ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ራሴን መጨረሻ ላይ ጻፍኩ።

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። የሸኙኝ ዕለት የተነገረልኝን ምስጋና የሰማ ሰው በሥራ ዘመኔ አንድም ስህተት ያልሠራሁ ይመስለው ይሆናል። እኔም የሸለሙኝን ጋቢ ተቀብዬ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ለልጆቼ ግን ከምስጋናው ይልቅ ይህ ቢቀርላቸው ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ትምህርቴ መጀመሪያ የቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ዳንግላ በጥበቃነት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ጋሽ እንየው በዚያው ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተበላሹ ዕቃዎችን ይጠግኑ ነበር። ተራዬ ሲያበቃ ወደ ቤቴ ከመሄድ እሳቸው በር ላይ እቆማለሁ። አንድ ቀን ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «እንዲያ ቆመህ ብርሃኑን ከምትከልለኝ ግባና ያን መፍቻ ያዝ» አሉኝ። ገባሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ቀሪውን በማታ ትምህርት ጨረስኩ፤ የሙያ ብቃት ምዘናውንም ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ዛሬ መምህር አጥተን ነው የሚሉ ልጆችን ስሰማ ይከፋኛል። መምህር በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት ይገኛል።

ጋሽ እንየው የተበላሸ ዕቃ ፊት ሲቀመጡ አስቀድመው ኮታቸውን አውልቀው ይሰቅላሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ሳየው የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ዓይኔን። እጅ ከዓይን ከቀደመ አንዱ ብልሽት ሁለት ይሆናል።»

ከዚያ የዕቃውን ባለቤት ይጠይቃሉ፤ «ከትናንት ወዲህ ምን ተነካ?» ሰው ሁሉ «ምንም አልተነካም» ነው የሚለው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው በዝግታ፣ «ምንም ካሉህ ሁለት ነገር ነክተዋል» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ እውነት ነበር። የቀየሩትን ሁሉ፣ አንዲት ብሎን እንኳ ብትሆን፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን። ደግሞም፣ «ማንኛውንም መዝገብ ስትረከብ ሽፋኑን አትመልከት። መጨረሻ የተጻፈችውን መስመር ፈልገህ አንብብ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። መቶ ጊዜ መስማትና አንድ ጊዜ ማድረግ እኩል አይደሉም፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

በኮምፒዩተር ሠራተኛነት መጀመሪያ የተመደብኩት ጥሊሊ ነው። እዚያ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ «ፕሪንተራችን ሌባ ነው፤ በገበያ ቀን ይጠፋል» ብሎ ጠራኝ። ስድስት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር። በሌላው ቀን ሁሉም ያትማል። በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ማንም ማተም አይችልም። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ኬብሉን በሙሉ ቀይሮ ሄዷል።

እኔ እንደ ጋሽ እንየው እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ ይሳሳቃሉ።

«ይኼ ሰውዬ ሊጠግን ነው ወይስ ሊያለቅስ?» አለ አንዱ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገንዘብ ያዧ ተነሳች፤ ነጠላዋን አጣፋች፣ ዘንቢሏን አነሳች፣ ኮምፒዩተሯን አጠፋችና ወጣች። ወዲያው ከማዶ ክፍል፣ «ጠፋ! ይኸው ጠፋ!» ተባለ። ፕሪንተሩ የተሰካው በእሷ ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ሌሎቹ የሚያትሙት በእሷ በኩል ነው። እሷ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ የሁሉም ወረቀት ይቆማል። በየገበያው ቀን ባለመብራቱና ባለኔትወርኩ ሲሰደቡ የከረሙት ለዚህ ነው። ለጋራ ፋይሉና ለጋራ ኅትመቱ የማይጠፋ አንድ ኮምፒዩተር ለይቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና፣ ላዩ ላይ «አይጠፋም» ብዬ ጻፍኩበት። ያ ጥሊሊ ውስጥ ያቆምኩት የመጀመሪያው ሰርቨር ነው። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር የሚመስለው አለ፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ተራ ኮምፒዩተር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ እንጅባራ ተዛወርኩ። ጽሕፈት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ መዝገብ ይይዛል። መሬት ሲወረስ፣ ሲከፈል፣ ስም ሲዛወር ውባለም በሰርቨሩ ላይ ባለው መዝገብ ታስተካክላለች፤ ከዚያ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ታትሞ ይሰጠዋል። ለየቀበሌው አንድ ፋይል አለ፤ ስሙ ሳይለወጥ ውስጡ በየቀኑ ይለወጣል።

ሰርቨሩን እኔ ነኝ ያቆምኩት። የእንጅባራ ዝናብ ወለሉን ስለሚያረጥበው የእንጨት ሣጥን አሠርቼ ከፍ አደረግኩት። የኅትመት ወረፋው ሲቆለፍ ማን እንደቆለፈው የሚያሳየኝ ገጽ ነበረኝ፤ ሁልጊዜም ባለ ፎቶ ሪፖርት የላከ አንድ ሰው ይገኛል። ዘወትር ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጠው እንዲቀመጡ አደረግኩ። ባክአፕ የምንለው ይህን ቅጂ ነው። ሁሉንም በየቀኑ መገልበጥ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ትእዛዙን አሳጠርኩት፦ ቅጂው ላይ የሌለ ፋይል ካለ ገልብጥ፤ ካለ ደግሞ የሰርቨሩ ፋይል የተለወጠበት ቀን ከቅጂው አዲስ ከሆነ ብቻ ገልብጥ። ደግ ትእዛዝ ነው። ዛሬም ስህተት አላየሁበትም።

በመስከረም መጨረሻ አቶ ምንይችል ደብዳቤ ይዘው ወደ ክፍሌ ገቡ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይህን ይመልከቱ። ከበላይ ተመለሰብኝ።»

ደብዳቤው ላይ ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያስገባው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ጸሐፊዋ ማረም ረስታለች።

«ከእንግዲህ በእጅ ያስጽፉት» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ ይረሳል። ማሽኑን ራሱን በእኛ ቀን ማድረግ አይቻልም? እርስዎን አይከብድዎትም።»

እርስዎን አይከብድዎትም የሚለው ቃል ገባብኝ። ሰው በሚችለው ነገር ሲመሰገን ማሰብ ያቆማል። በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ሰርቨሩንና አምስቱን ኮምፒዩተሮች ቀናቸውን ወደ ኋላ መልሼ በእኛ ዓመተ ምሕረት አደረግኳቸው። ወሩም፣ ቀኑም የእኛ ሆነ። ሠራተኛው በደስታ አጨበጨበ። አቶ ምንይችል በስብሰባ ላይ አነሱኝ።

ነገሩ ያለ ድካም አልነበረም። ማሽኑ ወሩን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሁለተኛ ወሩ ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነ፣ የእኛ ጥቅምት ሃያ ስምንት ሲያልቅ ዘሎ ኅዳር ይገባል። ሌላው ወር ደግሞ ሠላሳ አንድ ይልብኛል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ማለዳ ገብቼ ስድስቱንም በእጄ አስተካክል ነበር። አንድም ወር አልዘለልኩም። ሰው በተሳሳተ ነገርም ትጉህ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ወዲያ አውቄያለሁ። ግን ያን ለውጥ ባለ ካሬው ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። የኬብል ለውጥ ጽፌያለሁ፣ የቀለም ለውጥ ጽፌያለሁ። ቀኑን ግን ቀን ነው ብዬ ተውኩት።

በሰኔ መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ያ የእኛ አገር ነጎድጓድ መጣ። መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሳ፤ ፋይል የያዘው ዲስክ ግን እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይነበብም። ባሕር ዳር ልከነው፣ ምንም ማውጣት አይቻልም ተብሎ ተመለሰ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ባክአፕ አለኝ። አዲስ ዲስክ ገጠምኩ፣ ቅጂውን መለስኩ፣ ከፈትኩት። ከነጎድጓዱ በፊት በነበረው ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ሳይቀር ነበር።

«ሁሉም አለ!» አልኩ በኮሪደሩ ላይ።

«ተባረክ ጋሽ ዘለቀ!» አለች ውባለም። የቀበሌዎቹን ፋይሎች ከፈትኩ፤ ስሞቹ ተደርድረው አሉ። ሽፋኑን አየሁ ማለት ነው። የመጨረሻዋን መስመር አላነበብኩም።

በዚያው ሳምንት ከፍርድ ቤት የጥያቄ ደብዳቤ መጣ። አለኸኝ የተባለ ሰው፣ የሞተው ወንድሜ መሬት በሚስቱ ስም አልዞረም፣ ከወንድሜ ጋር በጋራ ያለማሁት ዛፍም አለበት ብሎ ከሷል። መሬቱ በማን ስም ነው? ውባለም መዝገቡን ከፈተች፤ በሟቹ ስም ነው። ያንኑ አተመች፣ አቶ ምንይችል ፈረሙ፣ ማኅተም አረፈበት፤ ሄደ። ወረቀቱ የወጣው እኔ ባቆምኩት ፕሪንተር ነው።

ዓርብ ጠዋት ትሁኔ መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። የውባለም ጠረጴዛ ፊት ቆማ በአማርኛ ጀመረች፤ ሲያጥራት ወደ አዊኛ ዞረች። ውባለም አዊኛ ስለማትችል እኔን ጠራችኝ።

«አያ ዘለቀ፣» አለችኝ ትሁኔ፣ «ስሜን በጥር እዚህ ቤት አስገብቼ ሄድኩ። ይህች ሴት ራሷ ናት የጻፈችው። ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የለሽም አሉኝ፤ ማን አወጣው?»

«አልወጣም እቴ፣ ይጣራል። ደብተርሽ የታል?»

«አሮጌውን እናንተ ወስዳችሁ ቀደዳችሁት። አዲሱን የደብተር ማተሚያው ቀለም ሲመጣ ይታተማል አላችሁኝ። ይኸው ስድስት ወር ልደፍን ነው፤ በእጄ ያለው ይህ ነው» ብላ ባዶ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

ውባለም ፊቷ ተለወጠ። «ጋሽ ዘለቀ፣ እውነቷን ነው። ትዝ ይለኛል። የቀበሌው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይዛ መጥታ ነበር፤ እኔ ነኝ ያዞርኩት።»

«መሬትሽ ላይ ምን አለ?» አልኳት።

«ሁለት ቃዳ መሬት ሙሉ የዲከረንስ ዛፍ። ዘንድሮ አምስት ዓመቱ ነው። ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ያቆየሁት። አለኸኝ ከሰል አክሳዮች ሊያመጣበት ነው አሉ።» ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። «መዝገቡ በእኔ ስም ካልሆነ ማን ይከለክለዋል?»

ይጣራልና ሰኞ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋት።

ክፍሌን ዘግቼ ኮቴን አወለቅኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ከዚያ የቀበሌዋን ፋይል ከፍቼ እስከ ታች ወረድኩ። የመጨረሻዋ መስመር የመስከረም መጨረሻ ናት። የሌላውን ቀበሌ ከፈትኩ፤ መስከረም። የሦስተኛውን ከፈትኩ፤ መስከረም። ስምንት ወር የለም። ደብዳቤዎቹ ግን እስከ ሰኔ አሉ። ይህ እንዴት ይሆናል? በጥቅምት ምን ነካሁ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ቀኑን። አንድ ትንሽ ፋይል ፈጥሬ ባክአፑን አዘዝኩ፤ ተገለበጠ። ሰርቨሩን ወደ ፈረንጁ ቀን መልሼ ፋይሉን ለወጥኩ፣ አስገለበጥኩ፤ ተገለበጠ። አሁን ቀኑን ወደ እኛ አዙሬ ለወጥኩና አስገለበጥኩ። «ዜሮ ፋይል ተገልብጧል» አለኝ።

የፈረንጁ ዘመን ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። እኔ ማሽኑን በእኛ ቀን ሳደርገው ያን ያህል ወደ ኋላ ወሰድኩት። ከጥቅምት ወዲህ ውባለም ያስተካከለችው መዝገብ ሁሉ፣ ቅጂው ላይ ካለው የመስከረም መዝገብ ከሰባት ዓመት በላይ የሚያረጅ ሆኖ ለባክአፑ ታየው። አሮጌ በአዲስ ላይ አይገለበጥም ብሎ ዘለለው። አዲስ ደብዳቤ ግን ቅጂው ላይ ስላልነበረ ያለ ጥያቄ ይገለብጠዋል። በየቀኑ ፋይሉ ሲጨምር እያየሁ፣ ይሠራል እያልኩ ስምንት ወር ሄድኩ። ማሽኑ አልዋሸኝም። ያዘዝኩትን አደረገ።

ዳንግላ ደወልኩ። ጋሽ እንየው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቀኑን ስትነካ ደብተርህ ላይ ጻፍከው?»

«አልጻፍኩም።»

«ስትመልስስ መጨረሻውን መስመር አነበብክ?»

«አላነበብኩም።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የምትነግረው ሰው ሌላ ነው» ብለው ዘጉት።

ለአቶ ምንይችል ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉት።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ለፍርድ ቤት የሄደው ደብዳቤ ፊርማው የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቫይረስ ነው እንበል።»

«ቫይረስ አይደለም።»

«እሱን እኔና እርስዎ ነን የምናውቅ። ጡረታዎ ስንት ዓመት ቀረው? ቫይረስ አይከሰስ፣ ደመወዙ አይቆረጥ!» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። «እስኪ እስከ ማክሰኞ ዝም እንበልና በረጋ መንፈስ እናስበው።»

እሺ አልኩ። ይህን ልጆቼ እንዲያነቡት ነው የምጽፈው፤ እሺ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ዝም አልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ፤ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በላይነሽ ከጎረቤት የተዋሰችውን ጃንጥላ አጥንቱ ተሰብሮ ይዛ ገባች።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ነፋስ ሰበረው አባባ።»

ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ቀበቶ ላይ እጄ ባይደርስም ድምፄ ደረሰ። ሰው ያጠፋው እንደ ጥፋት አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው የደበቀው ነው ብዬ ጀመርኩ። ቤቴ ውስጥ እኔ ምክር ስጀምር ሁሉም ራሱን ዝቅ ያደርጋል። በላይነሽ አለቀሰችና፣ «ተቀምጬበት ነው» አለች። «ሂጂና ራስሽ ንገሪያቸው» አልኳት። በዝናቡ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ በሩን አንኳኳች፣ ተናገረች፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሴትዮዋ ጉንጯን ስማ ሸኘቻት። ያቺ ልጅ የእኔን ትእዛዝ ለመፈጸም የፈጀባት ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ከዓርብ ጀምሮ እዚያው ነኝ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደብዳቤውን ጽፌ አትሜ አቶ ምንይችል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። «ለፍርድ ቤቱ የተሰጠው መረጃ ከስምንት ወር በፊት የነበረ ነው። መዝገቡ የጠፋው በቫይረስ ወይም በመብራት አይደለም። የሰርቨሩን ቀን በመለወጤ ቅጂው ሳይታደስ ስለቀረና፣ ስመልሰውም ሳላጣራ የተሟላ ነው ብዬ ስለተናገርኩ ነው» ይላል። አነበቡት። ድጋሚ አነበቡት።

«ቀኑ እንዲለወጥ የጠየቅኩ እኔ መሆኔ አልተጻፈም» አሉ።

«እርስዎ ጠየቁ። እጁን ያስገባው እኔ ነኝ። ማወቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ።»

በመጨረሻ ፈረሙ። ያን ጊዜም፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ፤ ፈርመው ባይሰጡኝ ኖሮ ብቻዬን የሚሰማኝ አልነበረም።

ደብዳቤውን ይዤ በባጃጅ ወደ ፍርድ ቤት ልሄድ ስወጣ ትሁኔ በሩ ላይ ቆማለች። እንደ ዓርቡ አልተናገረችም። ድምፅዋ ወርዷል።

«ቅዳሜ ጀመሩት» አለች። «ስድስት ሰው በመጥረቢያ። አለኸኝ ከፍርድ ቤት ያወጣውን ግልባጭ ይዞ፣ ‹መዝገቡ የሚለው ይኸው፣ ማኅተም አለበት› አለኝ። ለቀበሌው ሊቀ መንበር አቤት አልኩ፤ እሱም ወረቀቱን አይቶ ተመለሰ።»

«ስንት ቀረ?»

«ዛሬ ስወጣ የላይኛው ጥግ ቀርቶ ነበር።»

ዳኛው ደብዳቤዬን አንብበው አስጠሩኝ። በችሎት ፊት ቆሜ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። እግድ በዚያው ቀን ተጻፈ። ፖሊስና የቀበሌ ሊቀ መንበሩ ማክሰኞ ጠዋት ሲደርሱ ግን የላይኛው ጥግም ወድቆ፣ ከሰሉ እየጨሰ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ብናገር ኖሮ ቅዳሜ መጥረቢያ አይነሳም ነበር። ይህን ከዲስኩ ጋር ማንም እንዳያምታታው እፈልጋለሁ። ዲስኩን ያቃጠለው መብረቅ ነው። መዝገቡን ያጠፋው አለማወቄ ነው። ዛፉን የጣለው ዝምታዬ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ የቀበሌው ኮሚቴ አባላት ቃለ ጉባኤያቸውን ይዘው መስክረውላት መሬቱ በትሁኔና በልጆቿ ስም ጸና። እኔ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ፤ እርከኔም ለሁለት ዓመት ቆመ። አልተከራከርኩም።

የቀረው ሥራ መዝገቡን እንደገና መሥራት ነበር። የጠፋው የስምንት ወር ለውጥ በገበሬዎቹ እጅ ባሉት ደብተሮች ላይ ስለነበር፣ በየቀበሌው ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ፤ ከጥቅምት ወዲህ ይዞታ ያስለወጠ ሁሉ ደብተሩን ይዞ እንጅባራ ይምጣ። መጡ። ፈረሶቻቸውን ግቢው አጥር ላይ አሰሩ፤ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከብብታቸው እያወጡ ተሰለፉ። እኔ ወረፋው ራስ ላይ ቆሜ፣ ለምን እንደ ተጠሩ በአዊኛም በአማርኛም እናገር ነበር። ይህን ማንም አላዘዘኝም።

«ኮምፒዩተሩ ረሳን ነው የምትለን?» አለኝ አንድ ሽማግሌ።

«አልረሳም አባቴ። እኔ ነኝ ያስረሳሁት።»

«ጉድ ነው! የግብር ስሜን ግን አልረሳውም፣ በወቅቱ ነው የጠራኝ!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። «የዕድራችን ጸሐፊ በእስክሪብቶ ሠላሳ ዓመት ጽፎ አንድ ሰው አልጣለም» አለ ከኋላ ያለ ሌላው። «እሱን አምጥታችሁ ሣጥኑ ላይ አስቀምጡት!» እኔም ሳቅሁ። ቢሰድቡኝ ይገባኝ ነበር፤ ሳቃቸው ግን ከሚገባኝ በላይ ነበር።

ውባለም ትጽፋለች፤ እኔ ከደብተሩ ጋር እያነጻጸርኩ እጠራላታለሁ፤ ሁለት ሠራተኞች ያትማሉ። ማሽኖቹን ሁሉ ወደ ፈረንጁ ቀን መለስኳቸው። የእኛን ቀን ደብዳቤው ላይ ሰው በእጁ ይጽፋል፤ የረሳም ይመለስበታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጡረታዬ ድረስ ዘወትር ዓርብ ከቅጂው ላይ አንድ መዝገብ አውጥቼ፣ የመጨረሻዋን መስመር ጮክ ብዬ ለውባለም አነብላት ነበር። «አዎ፣ የዛሬ ናት» ትለኛለች። ሌሎቹ ይስቁብናል።

ትሁኔን ካየኋት ሁለት ዓመት ይሆናል። ጥርባ መንገድ ላይ ሚኒባስ ስትጠብቅ አገኘኋት። በቦታው አዲስ ዲከረንስ ተክላበታለች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሁለተኛዬ ነው። «አያ ዘለቀ፣ አንተ የነገርከኝ ነህ። ያልነገሩኝ ብዙ ናቸው» አለችኝ። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም። እኔም አልገፋኋትም። የልጇ ትምህርት መንገድ ላይ የቆመባትን ሴት ቶሎ ይቅር በይ ማለት ሌላ በደል ነው። ትልቁ ልጇ ዛፉ በተቆረጠ ዓመት ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቶ ከሰል ጫኝ ሆኗል።

አሁን ሒሳቡን ልጻፍና ላብቃ። ይህን ባለ ካሬው ደብተር ላይ በወቅቱ ጽፌዋለሁ። ደብተራቸውን ይዘው የመጡ ገበሬዎች መቶ ሰማንያ ሰባት ናቸው። መቶ ስድሳ ሦስቱ በአንድ ቀን ጨረሱ፤ ሃያ አራቱ ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን። እኛ አራት ሠራተኞች ሃያ አንድ ሃያ አንድ የሥራ ቀን፤ ሰማንያ አራት። ለምስክርነት የመጡ ሦስት የቀበሌ ኮሚቴ አባላት ሁለት ሁለት ቀን፤ ስድስት። ትሁኔ ጽሕፈት ቤት ሰባት፣ ፍርድ ቤት አራት ጊዜ፤ አሥራ አንድ። ድምር፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሰው ቀን፣ ሁለት ቃዳ የአምስት ዓመት ዛፍ፣ የአንድ ልጅ ትምህርት።